ጨዋታው እየሄደ የሚቆረጥ ቲኬት

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም



ቅዳሜ ከግቢ ወጥተን ወደ አንዋር መስጂድ ስንሄድ በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል እናልፋለን። መንገዱ ተዘግቶ ታክሲው ሲቆም ከጎናችን የተቀመጠው ወጣት ዐይኑን ከስልኩ አይነቅልም። የሚያየው ግን ኳሱን አይደለም፤ ኦዱን ነው። እውነቱን እንናገር፦ ከእኛም መካከል ከቤት የተላከለትን የወር ወጪ በአንድ ምሽት ጨርሶ፣ ከዶርም ጓደኛው ተበድሮ የቀጠለ አለ።

ቁማር ሐራም መሆኑን ከመድረሳ ጀምሮ ተምረናል። «ላይቭ ግን ይለያል፤ ጨዋታውን እያየሁ፣ በእውቀት ነው የምወራረደው» የሚል ሲመጣ መልስ ያጥረናል። ዛሬ ይህን እንመልከት።

1. እንዴት ይሠራል?

በተለመደው ውርርድ ቲኬቱ ጨዋታው ሳይጀመር ይቆረጣል፤ ከዚያ መጠበቅ ብቻ ነው። ላይቭ ላይ ግን ዳኛው ፊሽካ ከነፋ በኋላም ገበያው ክፍት ነው። ቀጣዩን ጎል ማን ያገባል፣ ስንት የማዕዘን ምት ይኖራል እየተባለ ኦዱ በየቅጽበቱ ይቀያየራል።

«እያየሁ ነው» ለሚለው፦ ቀድሞ የሚያየው ማን ነው? ስታዲየም ተቀምጠው እያንዳንዱን ክስተት ለአወራራጆች የሚልኩ ሰዎች አሉ። ለእኛ ምስሉ በሳተላይት ወይም በኢንተርኔት ዞሮ የሚደርሰን ከሰከንዶች በኋላ ነው። አደገኛ ኳስ ሲመጣ ገበያው ይቆለፋል። የላክነው ውርርድም እስኪጸድቅ ጥቂት ሰከንድ ይያዛል፤ በዚህ መሃል ጎል ከገባ ውድቅ ይሆናል ወይም ኦዱ ይቀየራል። ስለዚህ እኛ «አየሁት» የምንለው ነገር ቀድሞ ዋጋው ውስጥ ገብቷል።

2. ሒሳቡ

እኩል ዕድል ያላቸው ሁለት ውጤቶች አሉ እንበል። ትክክለኛው ኦድ ለእያንዳንዳቸው 2.00 ነው። ቤቱ 1.80 ቢሰጥ፣ ካስያዝነው 100 ብር በአማካይ የሚመለሰው 90 ብር ነው። 10 ብሯ የቤቱ ድርሻ ናት።

ላይቭ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የተመለሰው 90 ብር በዚያው ጨዋታ እንደገና ይገባል፤ ቤቱም እንደገና ድርሻውን ያነሳል። 1,000 ብሩን እንዲህ አሥር ጊዜ ያዞረ ሰው በአማካይ የሚቀረው 350 ብር ገደማ ነው። ካሽ አውትም መውጫ ይመስላል እንጂ ዋጋውን የሚተምነው ያው ቤቱ ነው። የበላ ጓደኛችን ቲኬቱን ለሁሉም ያሳያል፤ የተበላው ግን ዝም ይላል። እኛም የምንሰማው የአንዱን ወሬ ብቻ ነው።

3. ዲናችን

ሒሳቡ ቢያተርፍስ? ያኔም ሐራም ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ 219ኛው አንቀጽ በቁማር ውስጥ ለሰዎች ጥቅም መኖሩን አልካደም፤ ኃጢአቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ግን ነገረን። የእኛ ትርፍ የሌላው ኪሳራ እስከሆነ ድረስ ኳስ ማወቃችን ሑክሙን አይቀይረውም።

ሱረቱል ማኢዳህ 91ኛው አንቀጽ ደግሞ ቁማር በመካከላችን ጠላትነትን እንደሚያመጣ፣ ከአላህ ዚክርና ከሶላትም እንደሚያግድ ያስተምረናል። በእንግሊዝ የክረምት ወራት ብዙዎቹ የቅዳሜ ጨዋታዎች በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 12 ሰዓት ይጀመራሉ። አዲስ አበባ ላይ መግሪብ የሚገባው የመጀመሪያው አጋማሽ ሳያልቅ ነው። ኳስ ብቻ የሚያይ ሰው በዕረፍት ሰዓት ተነስቶ ይሰግዳል፤ ገንዘቡ በየደቂቃው የተንጠለጠለ ሰው ግን ለመነሳት ይከብደዋል።

4. ምን እናድርግ?

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጓደኛውን «ና ቁማር እንጫወት» ያለ ሰው ሶደቃ እንዲያወጣ አዘዋል። ጥሪው ብቻ ይህን ያህል ከከበደ፣ በግሩፕ ኦድ የምንለጥፍና ጓደኛ የምንጋብዝ ሁሉ ራሳችንን እንመርምር።

የገባንበት ዛሬውኑ አካውንቱን እንዝጋ፣ አፑን እናጥፋ። የተበደርነውን እንክፈል። የተበላውን «ላስመልስ» ብለን አንመለስ፤ ብዙዎቻችንን ያሰጠመን ይህች ቃል ናት። ብቻችንን ካቃተን ለምናምነው የጀመዓ ወንድም ወይም እህት እንንገር። የሚነገረን ደግሞ ሚስጥሩን እንሸፍን፤ ቅዳሜ መግሪብ ላይ አብረን እንሰለፍ።

አላህ ሐላል ሪዝቅ ይስጠን፤ ተውበታችንንም ይቀበለን። ወላሁ አዕለም።