ስለ እፉኝት ጠባይና አኗኗር፤ ገበሬውም ስለሚያደርገው ጥንቃቄ

ከአራዊት መካከል እንደ እፉኝት ስሙ ለስድብ የዋለ ጥቂት ነው። ወላጁን የበደለ ልጅ፥ ያሳደገውን የከዳ ሰው «የእፉኝት ልጅ» ይባላል። ምክንያቱም የእፉኝት ግልገሎች ሲወለዱ የእናታቸውን ሆድ ቀደው ይወጣሉ፥ እናቲቱም ወዲያው ትሞታለች እየተባለ ከጥንት ጀምሮ ስለ ተነገረ ነው። ወሬው በኢትዮጵያ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ በታሪክ መጽሐፉ ጽፎታል። ከዚያም በኋላ ስለ አራዊት ጠባይ የሚናገረው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍ ይህንኑ አስተማረ፤ መጽሐፉም ወደ ግዕዝ ስለ ተመለሰ ነገሩ በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ሆነ።

ይሁን እንጂ ነገሩ እውነት አይደለም። እናቲቱ ከወለደች በኋላ በሕይወት ትኖራለች፤ ዳግመኛም ትወልዳለች። ስለዚህ እንስሳ እውነቱን ማወቅ ለትምህርት ያህል ብቻ የሚፈለግ አይደለም፤ ጠባዩን ያላወቀ ሰው ሳያስበው ይረግጠዋልና።

መልኩና የሚኖርበት ስፍራ

የእፉኝት ወገን ብዙ ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ፥ እንዲሁም ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ በብዛት የሚገኘው፥ በሳይንስ ስሙ ቢቲስ አሪየታንስ የሚባለው ነው። ይኸው እፉኝት ባሕር ተሻግሮ በደቡብ ምዕራብ ዐረብ አገርም ይገኛል። አካሉ ወፍራም፥ ጅራቱ አጭር፥ ራሱ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው። ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሜትር ያህል ነው። በጀርባው ላይ እንደ ቀስት ጫፍ የተጣጠፉ ጥቁር መስመሮች ተከታትለው ይታያሉ። የቆዳው ቀለም እንደየአገሩ አፈር ቡናማ፥ ቢጫማ ወይም ግራጫ ስለ ሆነ በደረቀ ሣርና በወደቀ ቅጠል ላይ ሲተኛ ዓይን አይለየውም።

እፉኝት የሚወደው የሣርና የቁጥቋጦ አገር፥ ድንጋያማ ተረተርና የእርሻ ዳር ነው። ጥቅጥቅ ያለ ደንና እውነተኛ በረሓ ግን አይስማማውም።

አደኑና አመጋገቡ

እፉኝት ምግቡን እያሳደደ አይዝም፤ አድፍጦ ይጠብቃል እንጂ። በአንድ ስፍራ ብዙ ሰዓት፥ አንዳንድ ጊዜም ብዙ ቀን ሳይንቀሳቀስ ይተኛል። ምግቡ ዓይጥ፥ ወፍ፥ እንሽላሊትና እንቁራሪት ነው። ትልቅ ዓይጥ በአጠገቡ ሲያልፍ ከዓይን ጥቅሻ በፈጠነ ሁኔታ ነድፎ ይለቀዋል፤ ከዚያም በምላሱ ሽታውን እየተከተለ በመርዙ የሞተውን ዓይጥ አግኝቶ ከነነፍሱ ሳይታገለው ይውጠዋል። ረጃጅሞቹ የመርዝ ጥርሶቹ አፉ ሲዘጋ ወደ ኋላ ይታጠፋሉ፤ ሲነድፍ ግን ቀጥ ብለው ይቆማሉ።

በደቡብ አፍሪካ የሚገኙ ተመራማሪዎች ስለዚህ እባብ ሁለት አስደናቂ ነገሮች ገልጸዋል። በ2015 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የወጣው ጥናት፥ ሽታ መለየት የተማሩ ውሾች እንኳ አድፍጦ የተኛውን እፉኝት በሽታው ሊለዩት እንዳልቻሉ አሳየ። በ2017 የወጣው ጥናት ደግሞ እፉኝት እንቁራሪት ሲያይ ምላሱን እንደ ትል እያንቀሳቀሰ ወደ አፉ እንደሚያቀርበው አስረዳ። በአሜሪካ አገር የሚገኘው፥ ራሱ የመዳብ ቀለም ያለው እባብም ተመሳሳይ ዘዴ አለው፤ ግልገሎቹ ቢጫ የሆነውን የጅራታቸውን ጫፍ እያወዛወዙ እንቁራሪትና እንሽላሊት ያታልላሉ።

አወላለዱና አስተዳደጉ

የመራቢያው ወራት ሲደርስ ወንዱ የሴቲቱን ሽታ ተከትሎ ይፈልጋታል። ሁለት ወንዶች የተገናኙ እንደ ሆነ አንገት ለአንገት ተጠማዝዘው አንዱ ሌላውን ወደ መሬት ለመጫን ይታገላሉ፤ በዚህ ትግል ግን አይናደፉም።

ብዙዎቹ የእባብ ወገኖች እንቁላል ይጥላሉ። እፉኝት ግን ግልገሎቹን በሆዱ ውስጥ አሳድጎ ሕይወት ያላቸውን ይወልዳል። የጥንት ሰዎች እንዲሳሳቱ ያደረጋቸው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ግልገሎቹ ሲወለዱ እያንዳንዳቸው በስስ ሽፋን ተጠቅልለው ይወጣሉ፤ የሚቀድዱትም ይህን ሽፋን እንጂ የእናታቸውን ሆድ አይደለም። አንዲት እናት በአንድ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ትወልዳለች። ከኬንያ ተወስዳ በቼክ አገር የአራዊት መጠበቂያ ትኖር የነበረች አንዲት እፉኝት 156 ግልገሎች በአንድ ጊዜ ወልዳለች፤ ይህን ያህል የወለደ ሌላ እባብ አልተመዘገበም።

ግልገሉ ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም፤ ነገር ግን ከተወለደበት ሰዓት ጀምሮ መርዝ አለው። እናቲቱ አትጠብቀውም፥ አትመግበውም። ስለዚህ ብዙዎቹ ሳያድጉ የጭልፊትና የንስር፥ የሌሎችም አራዊት ምግብ ሆነው ይቀራሉ። የተረፈው እያደገ በሄደ መጠን ቆዳውን ይለውጣል።

እፉኝት ለምን ሰው ይነድፋል?

እፉኝት ሰውን አያድንም። ሌሎች እባቦች የሰው ኮቴ ሲሰሙ ይሸሻሉ፤ እፉኝት ግን መከላከያው መደበቅ ስለ ሆነ ካለበት አይነቃነቅም። በጣም ሲቀርቡት አካሉን ነፍቶ ከሩቅ የሚሰማ የእስትንፋስ ድምፅ ያሰማል፤ ይህም ማስጠንቀቂያው ነው። ሳያየው የረገጠው ሰው ግን ማስጠንቀቂያውን ለመስማት ጊዜ አያገኝም። ደግሞም እፉኝት በሌሊት መንቀሳቀስ ስለሚወድና ሙቀት ወዳለው የእግር መንገድ ስለሚወጣ፥ ማታ ባዶ እግሩን ያለ መብራት የሚሄድ ሰው ከሁሉ ይልቅ ይጎዳል።

አዝመራ በሚሰበሰብበት ጊዜ እህሉ ዓይጥን ይስባል፤ ዓይጡም እባብን ይስባል። ነዶ የሚያነሣ አጫጅ፥ ክምር የሚያፈርስ ወቂ፥ በአውድማ የሚያድር ጠባቂና ከብት የሚጠብቅ ሕፃን ከእፉኝት ጋር የሚገናኙት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ገበሬው የሚከተለውን ቢያደርግ ይጠቀማል።

1ኛ፤ በቤቱና በጎተራው ዙሪያ ያለውን ሣር ማጨድ፥ የድንጋይና የእንጨት ክምርም ከደጅ ማራቅ።

2ኛ፤ እህሉን ከመሬት ከፍ ባለ ጎተራ ማኖርና ዓይጥ የሚገባበትን ቀዳዳ መድፈን፤ ዓይጥ በሌለበት እባብ አይሰነብትምና።

3ኛ፤ ነዶንና እንጨትን በእጅ ከማንሣት በፊት በረጅም በትር መነቅነቅ፤ እጅን ወደ ጉድጓድና ወደ ካብ ውስጥ አለመስደድ።

4ኛ፤ ሌሊት ሲወጡ መብራት መያዝ፥ ጫማም ማድረግ፤ በአውድማ የሚያድር ሰው ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ መተኛት።

5ኛ፤ የተገደለውን እባብ ራስ በእጅ አለመንካት፤ ከተቆረጠ በኋላ እንኳ ሊነድፍ ይችላልና።

የተነደፈ ሰው ሲገኝ

የእፉኝት መርዝ በተለይ ሥጋን ያጠፋል። የተነደፈው እግር በጣም ያምማል፥ ያብጣል፥ ውሃም ይቋጥራል፤ ሳይታከም የቆየ እንደ ሆነ ሥጋው ሞቶ እግር እስከ መቆረጥ፥ ሰውም እስከ መሞት ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በሚሰጠው ግምት በዓለም በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚደርሱ ሰዎች በእባብ መርዝ ይሞታሉ። ድርጅቱ በ2017 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ይህን ጉዳት ቸል ከተባሉት የሐሩር አገር በሽታዎች ጋር ቆጥሮታል።

የተነደፈውን እግር በገመድ ጠብቆ ማሰር፥ መብጣት፥ መምጠጥ፥ በእሳት መተኮስ፥ አረቄ ወይም የሚያስታውክ ሥር ማጠጣት ሁሉ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። በተለይም ማሰሩ መርዙን ከሥጋው ጋር በአንድ ስፍራ ስለሚዘጋው ጉዳቱን ያከፋዋል። ብዙ ሰው «እገሌ የተባለው አዋቂ በሥር አዳነኝ» ሲል ይሰማል። ተናጋሪው አይዋሽም፤ ነገር ግን እባብ ነድፎ መርዝ ሳይጨምር የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ አንዳንዱም ሰው መርዝ የሌለው እባብ ነክሶት ይሆናል። እንዲህ ያለው ሰው ሥሩን ቢጠጣም ባይጠጣም ይድናል። መርዙ የገባበት ሰው ግን በአዋቂው ደጅ ሲጠብቅ የሚያልፈው ሰዓት እግሩን ወይም ነፍሱን ያሳጣዋል።

ትክክለኛው እርዳታ ይህ ነው፦ በሽተኛውን ማረጋጋትና ማስተኛት፤ እብጠት ሳይጀምር ቀለበቱን፥ አምባሩን፥ አልቦውንና ጫማውን ማውለቅ፤ የተነደፈው እግር እንዳይንቀሳቀስ ቀጥ ያለ እንጨት አስደግፎ በጨርቅ ላላ አድርጎ መጠቅለል፤ ከዚያም በእግሩ ሳያስኬዱ በቃሬዛ ወይም በመኪና ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ። የተነደፈበትን ሰዓትና የእባቡን መልክ ለሐኪሙ መንገር ይጠቅማል፤ እባቡን ለመያዝ ማሳደድ ግን ሌላ ሰው ማስነደፍ ነው።

የመርዙ ማርከሻ የሚሠራው በፈረስ ወይም በበግ ደም ነው። እንስሳው ጥቂት በጥቂት መርዝ እየተወጋ ደሙ መርዙን የሚያሸንፍ ኃይል ያወጣል፤ ያ ኃይል ተጣርቶ ለሰው መድኃኒት ይሆናል። በእያንዳንዱ ሐኪም ቤት ስለማይገኝ፥ የወረዳ ሹማምንትና የጤና ሠራተኞች በየትኛው ሆስፒታል እንዳለ አዝመራ ሳይጀመር አስቀድመው ጠይቀው ለሕዝቡ ቢያስታውቁ ብዙ ሕይወት ይድናል።

እፉኝት በእርሻው ዳር የገበሬውን እህል የሚበላውን ዓይጥ ሲበላ ይኖራል፤ በዚህም ሳያውቀው ገበሬውን ያገለግላል። ከቤትና ከአውድማ የራቀውን እፉኝት ፈልጎ መግደል ስለዚህ አያስፈልግም፤ እግር የሚያርፍበትን አይቶ መሄድ ግን ዘወትር ያስፈልጋል።