ኢንሱሊን እንዴት ይበስላል? በየትኛውስ በር ይወጣል?

ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ ቀን አክስቴ ከቅዳሴ ተመልሳ ገና እህል ሳትቀምስ፥ ላብ አጥምቋት፥ እጅዋ እየተንቀጠቀጠ መደቡ ላይ ተዝለፍልፋ ተቀመጠች። ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ስትጠጣ ነፍስ ዘራች። የስኳር በሽታ ያለባት ሰው ስኳር አንሷት ስትደክም ማየት ለቤተ ሰቡ እንቆቅልሽ ሆነ። በማግሥቱም ዘወትር ጠዋት የምትውጠውን ግሊቤንክላማይድ የተባለ ክኒን እያሳየችኝ፥ «ልጄ፥ አንተ ዩኒቨርሲቲ የገባህ ነህ፤ ይህ ነገር ሆዴ ገብቶ ምን እንደሚሠራ እስቲ ንገረኝ» አለችኝ። የታሪክ ተማሪ ነኝና የምመልሰው አጣሁ። ከሳይንስ ፋኩልቲ ወዳጆቼ መጻሕፍት ተውሼ የተረዳሁትን፥ እንደ እኔው ከባዮሎጂ ለራቃችሁ ጓደኞቼ እነሆ።

ከጨጓራ በስተ ጀርባ ቆሽት የሚባል ዕጢ አለ። በውስጡ ቤታ የሚባሉ ሕዋሳት ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን ይሠራሉ፤ ሥራውም የሰውነት ሕዋሳት ከደም ውስጥ ስኳር እንዲወስዱ ማድረግ ነው። ባንቲንግና ቤስት በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ኢንሱሊንን ከቆሽት ያወጡት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1921 ዓ.ም. ሲሆን፥ በዓመቱ ለበሽተኛ ተሰጠ። ይሁን እንጂ ሕዋሱ እንዴት እንደሚሠራው ሳይታወቅ ብዙ ዘመን አለፈ። በ1967 ዓ.ም. በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ስታይነር እንዳስረዳው፥ ኢንሱሊን መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮኢንሱሊን የሚባል አንድ ረጅም ሰንሰለት ሆኖ ነው። የሰው ፕሮኢንሱሊን 86 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ የበሰለው ኢንሱሊን ግን 51 ብቻ። እንግዲህ ጥሬው ወደ ብስሉ የሚለወጠው የት ነው?

የሚለወጠው በሕዋሱ ውስጥ ባሉ እጅግ ጥቃቅን ከረጢቶች ነው፤ አንድ ቤታ ሕዋስ እስከ 10,000 የሚደርሱ ይኖሩታል። ሊጥ ሳይቦካ ምጣድ ላይ እንደማይጋገር ሁሉ፥ ከረጢቱም ካልኮመጠጠ ኢንሱሊኑ በደንብ አይበስልም። ልዩነቱ ሊጥ በራሱ እርሾ ሲኮመጥጥ፥ የከረጢቱ ኮምጣጣነት ግን ከውጭ የሚገባለት መሆኑ ነው። በሽፋኑ ላይ ያለ ፓምፕ የሃይድሮጅን አዮኖችን ወደ ውስጥ ይገፋል። አዮን ማለት የኤሌክትሪክ ሙል ያለው አቶም ነው። የሃይድሮጅን አዮን ፖዚቲቭ ስለሆነ፥ በተከማቸ ቁጥር ተከታዩን እየገፈተረ ፓምፑን ያስቸግራል። ስለዚህ በሌላ በር ኔጋቲቭ የሆነው ክሎራይድ ይገባና ሚዛኑን ያስተካክላል፤ ፓምፑም ሥራውን ይቀጥላል። ከረጢቱ ሲኮመጥጥና ካልሲየም ሲኖረው ቆራጭ ኢንዛይሞች ሥራ ይጀምራሉ፤ ሰንሰለቱን በሁለት ቦታ ቆርጠው መካከሉን ይለያሉ። በራሱ መተላለፊያ የገባው ዚንክ ደግሞ ኢንሱሊኑን ስድስት ስድስት አድርጎ ያቋጥረዋል።

የተቆረጠው መካከለኛ ክፍል ሲ ፔፕታይድ ይባላል። አይጣልም፤ እዚያው ከረጢት ውስጥ ቆይቶ ከኢንሱሊኑ ጋር ወደ ደም ይወጣል። በመርፌ የሚሰጠው ኢንሱሊን ይህ ቁራጭ ስለሌለው፥ ሐኪም በደም ውስጥ ሲ ፔፕታይድን ለክቶ የበሽተኛው የራሱ ቆሽት ይሠራ እንደ ሆነ ማወቅ ይችላል። ከሁሉ ያስገረመኝ ይህ ነው፤ እንደ ትርፍራፊ የሚቆጠረው ነገር ምስክር ሆኖ ቀረበ።

የበሰለው ከረጢት ደግሞ እስኪጠራ ይጠብቃል። በቤታ ሕዋስ ሽፋን ላይ የፖታሲየም በሮች አሉ፤ በጾም ሰዓት ክፍት ስለሆኑ ፖታሲየም እየወጣ የሕዋሱ ውስጥ ኔጋቲቭ ሆኖ ይቆያል። ሰው ሲበላ ስኳር ወደ ሕዋሱ ይገባል፥ ይቃጠላል፥ ከዚያም ኤቲፒ የሚባለው የኃይል ስንቅ ይበዛል። ኤቲፒ የፖታሲየሙን በር ይዘጋዋል፤ በዚህም የሕዋሱ ኤሌክትሪክ ይለወጥና የካልሲየም በሮች ይከፈታሉ። ካልሲየም ሲገባ ከሽፋኑ አጠገብ የተሰለፉት ከረጢቶች ከሽፋኑ ጋር ተዋሕደው ኢንሱሊኑን ያፈሳሉ። የአንዱ በር መዘጋት የሌላው መከፈቻ መሆኑ ነው።

ይህ በር ቢበላሽስ? ከተወለዱ በስድስት ወር ውስጥ የስኳር በሽታ የሚይዛቸው ሕፃናት አሉ፤ ቀድሞ ዕድሜ ልካቸውን መርፌ እንዲወጉ ይደረግ ነበር። በ2004 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኤክሰተር የሚገኙት የነአንድሩ ሃተርስሊ ቡድን ከብዙዎቹ የአንዳንዶቹ ችግር በፖታሲየሙ በር ጂን ላይ መሆኑን ገለጹ፤ ኢንሱሊኑ በከረጢት ተቀምጦ ሳለ በሩ አልዘጋ ብሎ ነው። ግሊቤንክላማይድ ደግሞ ያለ ኤቲፒ በሌላ በኩል ይህንኑ በር ይዘጋል። በ2006 ዓ.ም. በወጣው ጥናት፥ እንዲህ ካሉት 49 በሽተኞች 44ቱ ከዚህ ወገን በሆነ ክኒን መርፌውን ትተዋል። ቤታ ሕዋሳቱ ላለቁበት ሰው ግን ክኒኑ ምንም አይፈይድም፤ የሚዘጋው በርም የሚፈሰው ከረጢትም የለምና።

የአክስቴ ነገርም ከዚሁ ይመጣል። ክኒኑ በሩን የሚዘጋው በደም ውስጥ ስኳር መኖር አለመኖሩን ሳይጠይቅ ነው። ጠዋት ውጣው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትጾም ኢንሱሊኑ ይፈስሳል፥ የሚያርፍበት ስኳር ግን የለም። ይህን ሳስረዳት በጥሞና ሰምታ፥ «ታዲያ በሩን የሚዘጋው ጾሜን አያውቅማ» አለች፤ ሰኞ ዕለትም አብረን ወደ ሐኪሟ ሄድን።