የጉድጓዱ ውሃ የምርመራ ወረቀት ምን ይላል?

ጥያቄ፦ በሻሾጎ የምንጠጣው የጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ተመርምሮ ፍሎራይድ 2.8፣ ብረት 0.6፣ አርሴኒክ 6 የሚል ውጤት መጣልን። ያሰጋናል? አፍልተን ብንጠጣውስ?

መልስ፦ ከቁጥሩ በፊት መለኪያውን ይዩ። ፍሎራይድና ብረት አብዛኛውን ጊዜ በሊትር በሚሊግራም፣ አርሴኒክ ግን በማይክሮግራም ይጻፋል፤ 1000 ማይክሮግራም 1 ሚሊግራም ነው። ወረቀትዎም እንዲሁ ከሆነ፣ አርሴኒኩ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ10 ማይክሮግራም ወሰን በታች ነው። ብረቱ ጣዕም ያበላሻል፣ ነጭ ልብስም ያቀላል፤ በዚህ መጠን ግን ለጤና አያሰጋም።

እኔን የሚያሳስበኝ ፍሎራይዱ ነው። ወሰኑ 1.5 ሲሆን የእናንተ እጥፉን ሊደርስ ጥቂት ነው የቀረው። የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራ ወለድ አለቶች ፍሎራይድን ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይለቃሉ፤ ስለዚህ ከሆሳዕናና ከዱራሜ ደጋ ወደ ቢላቴ ቆላ ሲወረድ ጉድጓድን ሳያስመረምሩ መጠጣት አይገባም። ፍሎራይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ጉዳቱ የሚብሰው ቋሚ ጥርሳቸው ገና በመሠራት ላይ ባለ ሕፃናት ላይ ነው፦ መጀመሪያ ኖራ የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ፣ ሲከፋ ቡናማ። መጠኑ ከፍ ብሎ ለዓመታት ከተጠጣ አጥንትንም ይጎዳል።

ማፍላት ተዋሲያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያወጣም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይበረታል። የክሎሪን ማከሚያው ውሃ አጋርም አያስወግደውም። የሚያጣራው የተቃጠለ አጥንት ከሰል ወይም በአልምና በኖራ የሚሠራው የናልጎንዳ ዘዴ ነው፤ ሁለቱም ባለሙያና ክትትል ይሻሉ። እስከዚያው ጉድጓዱን ለእጥበት አውሉት፤ ለሕፃናት መጠጥና ለወጥ ማብሰያ ከንጹህ ቆርቆሮ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ አክማችሁ ተጠቀሙ። ወረቀቱን ይዘው ወደ ወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ይሂዱ፤ ዳግም ምርመራም ይጠይቁ።