ቆም ሲሉ የሚለቅ የባት ሕመም

መተማ ዮሐንስ ውስጥ የሰሊጥ ጆንያ ተሸክሞ ከመኪና ወደ መጋዘን የሚመላለስ ሰው እግሩን ሲያመው ድካም ነው ይላል። ሃምሳ ዓመት ካለፈው ደግሞ ቁርጥማት ይለዋል። ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። ግን ከነዚህ የሚለይ ሕመም አለ፤ ሁልጊዜ ያው ርቀት ላይ ሲደርሱ ባትን ጨምድዶ ይይዛል፣ ቆም ሲሉ በጥቂት ደቂቃ ይለቃል፣ ሲራመዱ ተመልሶ ይመጣል። እንዲህ ያለው ሕመም ለእግር ደም የሚያደርሰው ቧንቧ መጥበቡን ያመለክታል። ከወገብ የሚመጣ የነርቭ ሕመም ግን በመቆም ብቻ አይለቅም፤ መቀመጥ ወይም ጎንበስ ማለት ይፈልጋል።

ቧንቧውን የሚያጠበው ግድግዳው ላይ የሚጠራቀም ስብ ነው። ስኳር በሽታና ደም ግፊት ያባብሱታል፤ ሲጋራ ግን ከሁሉ ይከፋል። ኬላ ላይ ወረፋ ሲጠብቁ ሌሊቱን በሲጋራ ለሚገፉ ሹፌሮች ይህን ደግሜ እነግራለሁ፤ እያጨሱ መድኃኒት መዋጥ ብቻውን አይበቃም።

ማታ ጫማ ሲያወልቁ ሁለቱንም እግር በብርሃን ይዩ። ከአውራ ጣት ተነሥተው በእግርዎ ጀርባ ወደ ላይ ሲዳብሱ መሃል አካባቢ የደም ምት ያገኛሉ፤ ካጡት ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ ይፈልጉት። በአንዱ እግር እየመታ በሌላው ከጠፋ ለሐኪም ይንገሩ። በመተማ ሙቀት አንድ እግር ብቻውን መቀዝቀዙም ቀላል ነገር አይደለም። ከአጨዳ በኋላ ማሳው ላይ የሚቀረው ጉቶ ኮንጎ ጫማ ያደረገ እግር ይወጋል፤ ቁስሉ በሁለት ሳምንት ካልዳነ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የቀዘቀዘ እግር በፍል ውኃ ወይም በእሳት አይሞቅም፤ በተለይ ስኳር ያለበት ሰው ሲቃጠል ላይሰማው ይችላል።

ሐኪም የደም ግፊትዎን በክንድና በቁርጭምጭሚት ይለካል። የቁርጭምጭሚቱ ለክንዱ ተካፍሎ ከ0.90 በታች ከሆነ በሽታው አለ። አስፒሪንና ኮሌስትሮል የሚቀንሰው አቶርቫስታቲን በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰዱ ናቸው። ዳይክሎፌናክ ሕመሙን ቢሸፍንም ቧንቧውን አይከፍትም፤ ልብንና ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል።

ከመድኃኒቱ እኩል የሚረዳው እርምጃ ነው፤ ሸክም ግን አይተካውም። ፀሐይ ሳይበረታ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፤ ሕመሙ ጠንከር እስኪል ይራመዱ፣ ይረፉ፣ ይቀጥሉ። ለውጡ እስኪታይ እስከ 12 ሳምንት ይታገሱ። ቁስል ካለዎት ወይም ሌሊት እግርዎ እያመመ ከአልጋ ቁልቁል ሲያንጠለጥሉት የሚሻልዎት ከሆነ ግን ሐኪም ሳያይዎት እርምጃ አይጀምሩ።

እግር በድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከነጣ፣ ከደነዘዘ ወይም አልንቀሳቀስ ካለ ግን ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ከተዘጋ ስድስት ሰዓት ካለፈው እግሩን ማትረፍ ይከብዳል፤ ጎንደር ደግሞ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይርቃል። እስኪነጋ አይጠብቁ፤ ያኔውኑ ሆስፒታል ይሂዱ።