ቆርኪና በቆሎ፦ ፕሮባቢሊቲን በእጅ ማስተማር

የሸሕዲ ከተማ ልጅ፣ ነጋዴ ጆንያውን ሳይዘረግፍ እፍኝ ሰሊጥ አውጥቶ መዳፉ ላይ እያገላበጠ ዋጋ ሲናገር አይቶ ያድጋል። በ2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ለሰሊጥ ደረጃ የሚያወጣው በናሙና ነው። ትምህርቱን ከዚህ መጀመር እየተቻለ ተማሪን በቀመር ብቻ ማድከም ያሳዝነኛል። ቆርኪ፣ 40 ፍሬ በቆሎ፣ ማርከርና የማያሳይ የጨርቅ ከረጢት ይበቃል።

መጀመሪያ ቆርኪው። ለሁለት ለሁለት ተማሪ አንድ አንድ ያድሉ። ዓይነታቸው አንድ ይሁን፤ መክፈቻ ያጎበጠው አወዳደቁ ሌላ ስለሆነ ያውጡት። ሁሉም ዴስክ ላይ ይወርውሩ፤ አፈር ላይ ቆርኪ ሳይነጥር ይቀራል። ከመወርወራቸው በፊት "ከ20 ውርወራ ስንቱ አፉ ወደ ላይ ሆኖ ያርፋል?" ብለው ግምት ያስጽፉ። ብዙዎቹ 10 ይላሉ። ለሳንቲም ያስኬዳል፤ የቆርኪ ሁለት ፊት ግን እኩል አይደለም፤ ዕድሉ የሚታወቀው ተሞክሮ ነው። ውጤቱን ሰሌዳ ላይ እየደመሩ ይጻፉ። 25 ጥንድ ካለ 500 ውርወራ ይሆናል፤ ጥንዶቹ ቢለያዩም የድምሩ ክፍልፋይ እየረጋ ሲሄድ ያያሉ።

ቀጥሎ ከረጢቱ። መጠናቸው ከተቀራረበ 40 ፍሬዎች 10ሩን አጥቁረው ይጨምሩ፤ ቁጥሩን አይንገሩ። ተማሪው ሳያይ አንድ ያወጣል፣ ቀለሙን ያስመዘግባል፣ ይመልሳል፣ ከረጢቱን ይነቀንቃል።

ነጭ አምስት ጊዜ ሲከታተል "አሁንስ ጥቁር መውጣት አለበት!" የሚል ልጅ አይጠፋም። እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ከረጢቱን ከፍተው ያስቆጥሩት፦ ፍሬው ስለተመለሰ አሁንም 40 ናቸው፣ ጥቁሩም 10 ነው። በቆሎ ያለፈውን አያስታውስም። ደግሞም በማናቸውም አምስት ተከታታይ አወጣጥ ሁሉም ነጭ የመሆን ዕድሉ 24 በመቶ ገደማ ነው፤ ብርቅ አይደለም።

ሁለቱን አነጋገር አሁን ይለዩላቸው። ጥቁር የመውጣት ዕድል ከ4 አንድ ነው፤ የጥቁርና የነጭ ጥምርታ ግን 1 ለ 3። "1 ለ 4" ብሎ የሚጽፍ ስለሚበዛ፣ አንድ ጥቁርና ሦስት ነጭ ፍሬ መዳፉ ላይ አስቀምጠው ያሳዩት።

በመጨረሻ ጥቁሮቹን ከታች፣ ነጮቹን ከላይ አድርገው፣ ሳይነቀነቅ ከላይ ብቻ ያስወጡ። ሁሉም ነጭ ይወጣል። "ከረጢቱ ውስጥ ጥቁር አለ?" ብለው ይጠይቁ፤ ከዚያ የሰሊጥ ጆንያ ናሙና ለምን ከላይም ከመሀልም ከታችም እንደሚወሰድ ራሳቸው ያስረዱዎት።