የመኪናዎን ዘይት በገዛ እጅዎ

በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይፋ ሲደረግ፣ በየግቢያችን የቆሙት ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ ሌላ ክብደት አገኙ። «ይቺ አስቸገረችኝ፣ ሸጬ ሌላ እገዛለሁ» ማለት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። ያለችውን ይዞ፣ ተንከባክቦ ማቆየት ግድ ሆኗል። እኔ ይህን ግድ እንደ መልካም ዕድል ነው የማየው! ብዙዎቻችን ለዓመታት የነዳነውን ነገር በወጉ የምናውቅበት ጊዜ አሁን ነው፤ መግቢያ በሩም የሞተር ዘይት ነው።

የገንዘቡን ነገር ላስቀድም። አሜሪካ ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወገኖቻችን ዘይት ራሳቸው ቢቀይሩ የሚያተርፉት ወፍራም የእጅ ዋጋ አለ። አዲስ አበባ ላይ ግን ሒሳቡ ይለያል። ወጪውን የሚበላው ዘይቱና ፊልትሮው ነው፤ የሚቀይርልዎ ሰው የሚጠይቀው ከዚያ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ስለዚህ ብር ለመቆጠብ ብለው ከሆነ የሚነሡት፣ ቶሎ ሊሰለቹ ይችላሉ። የሚያተርፉት ሌላ ነገር ነው። ሞተርዎ ውስጥ ምን እንደገባ፣ ስንት እንደገባ፣ አሮጌው ፊልትሮ በእርግጥ መውጣቱን በዓይንዎ አይተው ያውቃሉ።

«ስንት» ያልኩት በምክንያት ነው። በአንዳንድ ያሪስና ቪትዝ ላይ የሚገኘው 1ኤንዜድ የሚባለው ባለ 1.5 ሊትር ሞተር ከነፊልትሮው የሚወስደው 3.7 ሊትር ነው። ገበያ ላይ የሚሸጠው ዕቃ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 4 ሊትር ነው። የቸኮለ ሠራተኛ ዕቃውን ገልብጦ ጨርሶ ይሄዳል። ዘይት ሲበዛ ምን ክፋት አለው እንዳይሉ፤ ከልክ ያለፈ ዘይት የሚሽከረከረው ዘንግ ሲመታው አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ብረትን ከብረት አይጠብቅም። እርስዎ ግን ቀስ ብለው ያፈሳሉ፣ ይለካሉ፣ የተረፈችውንም ክዳኗን ገጥመው ለመሙያ ያስቀምጣሉ። ማንም ለመኪናዎ ከእርስዎ የበለጠ አይጠነቀቅም!

ሥራው ራሱ አያስፈራም። ሞተሩ ትንሽ ሞቅ ይበል እንጂ አይጋል። ቦታው ሜዳ ይሁን፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማው ሥር ታኮ ይግባ። መኪናዋን ካነሡም በካቫሌቶ ያስደግፏት። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር በፍጹም፣ ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን አይግቡ። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልግዎ 14 ቁጥር ቁልፍ፣ ሳፋ፣ ጨርቅና ትዕግሥት ነው። ቡሎኑን ሲፈቱ አሮጌው ዘይት ይወርዳል፤ አተኩረው ይዩት። መጥቆሩ የሚጠበቅ ነው። እንደ ወተት ከነጣ ግን ውኃ ገብቶበታል፣ የብረት ብናኝ ካብለጨለጨበትም ሞተሩ ውስጥ እየተበላ ያለ ነገር አለ፤ ሁለቱም ሳይውሉ ሳያድሩ ባለሙያ ዘንድ የሚያስኬዱ ናቸው። ሮንዴላውን ቀይረው ቡሎኑን ይመልሱ፤ በኃይል አይጥበቅ፣ ጥርሱ ከተበላ ጣጣው ብዙ ነው። ፊልትሮውን ሲያወጡ የአሮጌው ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ አለመቅረቱን በጣትዎ ዳስሰው ያረጋግጡ። በዚያ ላይ አዲሱ ከታሰረ በሁለት ጎማ መሐል ዘይት ይተፋል። የአዲሱን ጎማ ዘይት ቀባ አድርገው በእጅዎ ያሽከርክሩት፤ ጎማው ሞተሩን ከነካ በኋላ ሦስት ሩብ ዙር ይበቃዋል። በቃ! ዘይቱን ይሙሉ፣ ሞተሩን ለአፍታ ያስነሡ፣ ያጥፉ፣ ጥቂት ጠብቀው መለኪያ ዘንጉን አውጥተው ይዩ። ማር የመሰለው አዲስ ዘይት በሁለቱ ምልክቶች መካከል ሲቆም የሚሰማዎትን ደስታ እርስዎ ራስዎ ይነግሩኛል።

አንዲት የማውቃት መምህርት ይህን የተማረችው ከታናሽ ወንድሟ ነው። ዛሬ ጊዜ ሲያጥራት ለጋራዥ ትሰጣለች፣ አታፍርበትም። ነገር ግን መካኒኩ «እትዬ፣ ጨርሰናል፣ አያስቡ» ሲላት፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ አሮጌውን ፊልትሮ እስቲ አሳየኝ» ትለዋለች። ያሳያታል። ከዚያም መለኪያውን ራሷ መዝዛ ታያለች። ጠብ የለ፣ ጥርጣሬ የለ። መካኒኩም የሚያውቅ ደንበኛ ሲመጣ ሥራውን የሚያይለት ሰው በማግኘቱ ደስ ይለዋል። እኔ «ራስን መቻል» የምለው ይህንን ነው፤ ከፍለውም ቢሆን የገዙትን ማወቅ።

ሁሉንም ይሞክሩ ግን አልልም። «ሥራን ለሠሪው፣ እሾህን ላጣሪው» የተባለው የፍሬን ዘይትን በመሰለ ነገር ላይ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ደረጃ አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች መፍላት የለበትም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ እየወረዱ፣ ፍሬኑ ግሎ፣ ውስጡ ያለው ቢፈላና ፔዳሉ ወለል ቢነካ ምን እንደሚከተል መናገር አያስፈልግም። መለወጡ ሳይዘነጋ፣ ከፍሬኑ መስመር አየር አውጥቶ የሚሠራው ግን የለመደ እጅ ይሁን። አውቶማቲክ ካምቢዮም እንዲሁ ነው፤ የዘይቱ ዓይነት ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፣ ብዙዎቹም ልኩ የሚታየው በተወሰነ ሙቀት ላይ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና የገዙም ቢሆኑ የሞተር ዘይት ባይኖራቸውም የፍሬን ዘይት አላቸው።

ኩላንት መሙላት የእርስዎ ነው፤ ራዲያተር በጋለበት አይከፈትም እንጂ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ንጹሕ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የቧንቧ ውኃ ብቻ እየጨመሩ መንዳትን የማልመክረው አንድም በዚህ፣ አንድም በዝገቱ ነው።

የተቃጠለውን ዘይት ደግሞ አደራ! ቦይ ውስጥ የተደፋ ዘይት መጨረሻው ወንዝ ነው፤ በአቃቂ ወንዝ ውኃ አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ። በጀሪካን አጠራቅመው ዘይት ለሚቀይር ጋራዥ ወይም ማደያ ያስረክቡ።

ዘይት መለወጡ ለሚቀጥለው ወር ይቆይ። ነገ ጠዋት ግን ሞተሩን ከማስነሣትዎ በፊት ኮፈኑን ይክፈቱ፣ መለኪያውን አውጥተው በጨርቅ ይጥረጉ፣ መልሰው ከተው ያውጡና ልኩን ይዩ። ልጅዎንም አጠገብዎ ያቁሙ።