አስቀድሞ ላልታየ ምንባብ አጭር መልስ ስለ መስጠት

የእንግሊዝኛ ፈተና ሲነሣ ብዙ ተማሪ የሚፈራው ሰዋስውን ሳይሆን አስቀድሞ ያላየውን ምንባብ ነው። ሰዋስው በደብተር ተጽፎ ይጠናል፤ ምንባቡ ግን በፈተናው ቀን ብቻ የሚመጣ እንግዳ ነው። ታዲያ ለማናውቀው እንግዳ እንዴት እንዘጋጃለን? ምንባቡን አስቀድመን ማወቅ ባንችልም የጥያቄዎቹን ጠባይ ግን ማወቅ እንችላለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ማሳየት ነው።

ለምሳሌ አይኤልትስ የሚባለውን ፈተና እንውሰድ። ከመካከላችን ወደ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ለማመልከት የሚያስቡ ሁሉ ስሙን ሳይሰሙ አይቀሩም። የንባቡ ክፍል 3 ምንባቦችና 40 ጥያቄዎች አሉት፤ ጊዜው 60 ደቂቃ ነው። ለዩኒቨርሲቲ በሚሰጠው ዓይነት በአማካይ 23 ጥያቄ የመለሰ 6 ነጥብ ያገኛል፤ 7 ነጥብ ለማግኘት ግን 30 ያህል መመለስ ያስፈልጋል። ልዩነቱ 7 ጥያቄ ብቻ መሆኑን ልብ እንበል። እነዚህ 7 ጥያቄዎች ለአንድ ወጣት የትምህርት በር ሊከፍቱ ወይም ሊዘጉ ይችላሉ። የሚያሳዝነው፣ አንዳንዱ ነጥብ የሚጠፋው ቋንቋውን ባለማወቅ ሳይሆን ትእዛዙን ባለማስተዋል ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ነጥቦች በጥሞና እንመልከት።

1ኛ/ መልሱ የሚገኘው በምንባቡ ውስጥ ነው።

በእንግሊዝኛ የቀረበልን ምንባብ አሳቡ እንዲህ ነው እንበል፦

«አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. በሮም ኦሊምፒክ የማራቶኑን ውድድር በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። በ1964 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ ደግሞ ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ጫማ አድርጎ ሮጠና ድሉን ደገመ።»

ጥያቄው «በቶኪዮ ሲሮጥ በእግሩ ላይ ምን ነበር?» ቢል፣ የአበበን ዝና ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማ ተማሪ ምንባቡን ሳያይ «ምንም አልነበረም፤ በባዶ እግሩ ነው» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ምንባቡ ግን «ጫማ» ይላል። የምናውቀው ታሪክ ሲመጣ ደስ ይለናል፤ ነገር ግን ይበልጥ መጠንቀቅ የሚገባን በዚያን ጊዜ ነው። ፈታኙ የጠየቀን ስለ አበበ የምናውቀውን አይደለም፤ የተጻፈውን ማንበባችንን ነው።

2ኛ/ የጥያቄው ቃልና የምንባቡ ቃል ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

ጥያቄው «አትሌቱ ያለ ጫማ ያሸነፈው በየትኛው ከተማ ነው?» ቢል፣ «ያለ ጫማ» የሚለውን ቃል በምንባቡ ውስጥ ፈልገን አናገኝም። ምንባቡ የሚለው «በባዶ እግሩ» ነው። በእንግሊዝኛውም ጥያቄው «ዊዛውት ሹዝ» ሲል ምንባቡ «ቤርፉት» ይላል። ስለዚህ ዓይናችን ቃሉን ብቻ ሳይሆን የአሳቡን ወንድም መፈለግ አለበት። የሰው ስም፣ የቦታ ስም፣ ዓመትና ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ ስለማይለወጡ ቦታውን ፈጥነው ይጠቁሙናል።

3ኛ/ የቃላቱን ቁጥር ማክበር።

ትእዛዙ «ከሦስት ቃላት ያልበለጠ» ካለ አራተኛው ቃል ነጥቡን ያስቀራል። ከላይ ላለው ጥያቄ «ሮም» ማለት በቂ ነው። «ኢን ዘ ሲቲ ኦፍ ሮም» ብሎ የጻፈ ተማሪ መልሱን ያውቃል፤ ይሁን እንጂ አምስት ቃል ስለ ጻፈ ነጥቡን አያገኝም። ቃሉን ከምንባቡ ስንገለብጥም ፊደሉን አንድ በአንድ እናስተያይ፤ ዓይናችን ፊት የተቀመጠውን ቃል አሳስቶ መጻፍ ነጥብ ያሳጣል። በክፍል ፈተና ግን መምህሩ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ትእዛዙን እናንብብ።

4ኛ/ የመልሱን ዓይነት አስቀድሞ መለየት።

«ሁ» ሰው ይጠይቃል፤ «ዌር» ቦታ፣ «ዌን» ጊዜ፣ «ሃው ሜኒ» ቁጥር ይጠይቃሉ። «ዋይ» ሲመጣ ምክንያት ስለሚፈለግ፣ በምንባቡ ውስጥ «ቢኮዝ»፣ «ሲንስ»፣ «ዱ ቱ» የሚሉትን እንፈልግ። «ኢት» ወይም «ዘይ» የሚለው ቃል ማንን እንደሚያመለክት ከተጠየቅን፣ ብዙውን ጊዜ መልሱ ከቃሉ በፊት ይገኛል። ያገኘነውን ስም በቃሉ ቦታ አስገብተን እናንብበው፤ ዓረፍተ ነገሩ ትርጉም ከሰጠ መልሱ እርሱ ነው።

5ኛ/ በማናውቀው ቃል አለመደንገጥ።

በምንባቡ ውስጥ እንግዳ ቃል መኖሩ አይቀርም። ጥያቄው ያንን ቃል ካልነካው አልፈነው እንሂድ። ከነካው ግን ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ቃላት እንጠይቃቸው። ከላይ ባለው ምንባብ «ቀዶ ሕክምና» የሚለውን የማያውቅ ተማሪ እንኳ ከሰውየው አካል አንድ ነገር እንደ ወጣ ከአጠገቡ ካሉት ቃላት መረዳት ይችላል።

6ኛ/ በጊዜ መጠቀም።

በአይኤልትስ የአጭር መልስ ጥያቄዎች የምንባቡን ቅደም ተከተል ስለሚከተሉ፣ የሦስተኛው መልስ ከሁለተኛው መልስ በኋላ ይፈለጋል። አንዱ ከጠፋብን ምልክት አድርገን እንለፍ። ለተሳሳተ መልስ የሚቀነስ ነጥብ ስለሌለ፣ በመጨረሻው ደቂቃ ባዶ ቦታ መተው አይገባም።

ይህን ሁሉ ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ መለማመድ ያስፈልጋል። አራት ወይም አምስት ሆነን በሳምንት አንድ ቀን እንገናኝ። አንዳችን ከ«ኢትዮጵያን ሄራልድ» ጋዜጣ ወይም ከሌላ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንድ ገጽ ያምጣ። እያንዳንዳችን ከሦስት ቃላት በማይበልጥ መልስ የሚመለሱ አምስት ጥያቄዎች አውጥተን እንለዋወጥ፤ ከዚያም መልሱ ከየትኛው መስመር እንደ ተገኘ በጣት እናሳይ። ጥያቄ ማውጣት የለመደ ሰው የፈታኙን አሳብ ያውቃል። እንግሊዝኛው የበረታለት ወንድም ወይም እህትም ገና የሚታገለውን ይደግፍ፤ የሚያስረዳ ሰው ራሱም ይማራልና። እንዲህ ከሠራን፣ በፈተናው ቀን የሚቀርብልን ምንባብ አዲስ ቢሆንም ጥያቄው ግን አዲስ አይሆንብንም።